የእጄ ልክ፦ ሽጉጥና ጥይት ስመርጥ ያሰብኩት

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ ጋርላንድ ከሚገኘው ሱቃችን ጥቂት በሮች አልፎ ያለ የስልክ መጠገኛ ሊዘጋ ሲል ተዘረፈ። ባለቤቱ ገንዘቡን አስረክቦ በሰላም ወጣ፤ ፖሊስም መጥቶ መዝግቦ ሄደ። በማግስቱ ግን በዚያ የሱቆች ረድፍ ያለ ነጋዴ ሁሉ፣ ሐበሻውም ቬትናሙም ሜክሲኮውም፣ ወሬው ሽጉጥ ብቻ ሆነ። ቴክሳስ ውስጥ ይህ ወሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ማንም ሰው አስተያየት አለው፤ አስተያየቱም ሁልጊዜ ከጥይቱ መጠን ቁጥር ይጀምራል፦ 9፣ 40፣ 45።

እኔም በዚያው ሰሞን ሁለት ምክር ደረሰኝ። አንደኛው ከባለቤቴ አጎት ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው፣ የጃንሆይ ጦር የአሜሪካ መሣሪያ በታጠቀበት ዘመን፣ ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቡናቸውን ፉት እያሉ «ልጄ፣ ከገዛሽ አይቀር 45 ግዢ፤ ከዚያ በታች ያለው መጫወቻ ነው» አሉኝ። ሁለተኛው የመጣው ከአንድ የመሣሪያ መደብር ሻጭ ነው። ለምን እንደምፈልገው እንኳ ሳይጠይቀኝ ከመስታወቱ ሥር ሐምራዊ እጀታ ያላት ትንሽ አምስት ጎራሽ አውጥቶ «ለሴት የምትሆነው ይህች ናት፤ ቀላል ናት፤ ቦርሳ ውስጥም ትገባለች» አለኝ። ሁለቱ ምክሮች እንደማይገጥሙ ለማየት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እኔን የከነከነኝ ግን ጋሼም ሻጩም እጄን ሳያዩ መናገራቸው ነው። ጫማ ሻጭ እንኳ ቁጥር ከመናገሩ በፊት እግር ያያል።

እኛ መሣሪያን በስሙ ማሞገስ የለመድን ሕዝብ ነን። ምኒሽር፣ ለበን፣ ዲሞትፎር እየተባለ በፉከራና በቀረርቶ ሲወደስ የኖረ ጠመንጃ ከባለቤቱ ክብር ተለይቶ አይታይም፤ የመሣሪያው ግርማ የሰውየው ግርማ ነው። ጋሼ ስለ 45 ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ይህንን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ስለዚህም አልተቀየምኳቸውም። ሻጩ ግን ሴት ሲያይ ትንሽና ሐምራዊ ነገር ትዝ አለው፤ በቃ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

ወደ ተኩስ መለማመጃ ከመሄዴ በፊት ቁጥሮቹን ለማጣራት ተቀመጥኩ። 45 ማለት የአረሩ ውፍረት ከአንድ ኢንች መቶ እጅ አርባ አምስቱን ይሆናል ማለት ነው፤ በሚሊ ሜትር 11.4 ገደማ ይመጣል። 40ው ወደ 10፣ 22ቱ ደግሞ ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። 38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት ላይ ሲደረስ ግን ቁጥሩ መዋሸት ይጀምራል፤ አረሩ በእርግጥ ሲለካ 9.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነውና። ሻጩ ያወጣልኝ ትንሿ አምስት ጎራሽ የምትጎርሰው ይህ 38ና ሁሉም የሚያወራለት 9 ሚሊ በአረር ውፍረት ከሞላ ጎደል እኩያ ናቸው።

9 ሚሊ የሚባለውም አንድ ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው የሶቪየቱ ማካሮቭ የሚጎርሰው 9 በ18 የሚባለውን ነው። እዚህ አሜሪካ 9 ሚሊ ሲባል ደግሞ ኦስትሪያዊው ጌዮርግ ሉገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የሠራው 9 በ19 ነው። የማካሮቩ አረር 9.27፣ የሉገሩ 9.01 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ለሌላው ሽጉጥ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ «ዘጠኝ ሚሊ አለኝ» የሚልና ዳላስ ላይ «ዘጠኝ ሚሊ አለኝ» የሚል ሰው ጥይት መበዳደር አይችሉም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ለዚህ እኮ ነው 45 የምልሽ» አሉኝ፤ 45 አያወዛግብም ማለታቸው ነው።

ከውፍረቱ ይልቅ የጠቀመኝ የክብደትና የፍጥነት ሒሳብ ነው። የተለመደው 9 ሚሊ 7.5 ግራም የሚጠጋ አረር በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ 45ቱ ደግሞ ዕጥፍ የሚመዝን፣ 15 ግራም የሚጠጋ አረር በ255 ሜትር አካባቢ። ትምህርት ቤት እንደተማርነው የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ስናባዛው የሁለቱም ጉልበት ከ450 እስከ 490 ጁል ባለው መካከል ይወድቃል። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው። ክብደትን በፍጥነት ብቻ ስናባዛ፣ ማለትም እጅ ላይ የሚመጣውን ግፊት ስናሰላ ግን፣ የ45ቱ ከ9 ሚሊው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ያንን ግፊት ከእጅ በፊት የሚሸከመው የሽጉጡ ክብደት ነው። ሐምራዊዋን የመሰሉ ቀላል አምስት ጎራሾች ባዷቸውን 400 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ግሎክ 19 የተባለው ባለ 9 ሚሊ ሽጉጥ 670 ግራም ገደማ፤ የአሜሪካ ጦር በፈረንጆቹ ከ1911 ጀምሮ የታጠቀውና በዚያው ዓመት የሚጠራው ባለ 45 የብረት ሽጉጥ 1.1 ኪሎ ግራም። የባሩዱን ጋዝ ትቼ በግምት ሳሰላው፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ወደ ኋላ የሚፈናጠርበት ፍጥነት በትንሿ ላይ በሰከንድ ወደ 5 ሜትር ሲመጣ በሌሎቹ ሁለቱ ላይ 3 ሜትር አካባቢ ሆነ። «ለሴት የምትሆነው» የተባለችው ከሦስቱም ይበልጥ የምትራገጠው ነበረች። ወረቀት ላይ ነው እንጂ ገና አልተኮስኩም፤ ሆኖም የመደብሩ ምክር ዋጋ ያጣብኝ በዚያ ምሽት ነው።

የኪራይ ሽጉጦች

በዚህ አገር ብዙ የተኩስ መለማመጃዎች ሽጉጥ ያከራያሉ፤ ጥይቱን ከእነሱ ገዝቶ የፈለጉትን እየቀያየሩ መሞከር ይቻላል። ሊገዛ ያሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አያገኝም። አሰልጣኜ ከሸሪፍ ቢሮ ጡረታ የወጡ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እጄን መዳፍ ለመዳፍ ከእጃቸው ጋር ገጥመው ማየት ነበር። ቀጥለው የአፈሙዙን ነገር አስተማሩኝ፤ የሽጉጥ አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው ብቻ እንደሚያይ፣ ጣት ለመተኮስ እስኪወሰን ድረስ ከቃታው ውጭ በሽጉጡ ጎን ላይ ተዘርግቶ እንደሚቆይ፣ ባዶ ነው የተባለ መሣሪያም በዓይን እስኪታይ ድረስ እንደ ጎረሰ እንደሚቆጠር። ጆሮዬ ውስጥ ስፖንጅ አስገብተው በላዩ ሌላ መከላከያ ደረቡልኝ። የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ይህ በአንድ ጊዜ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መጠን ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው እየተመለሰ ይብሳል።

አምስት ጎራሿን አስቀድሜ ተኮስኩ። ቃታዋን እስከ መጨረሻው ለመሳብ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ የሚሆን ጉልበት ትጠይቃለች፤ ራሷ ግን ግማሽ ኪሎ አትሞላም። ጣት በዚያን ያህል ኃይል ሲስብ ሽጉጧ እጅ ውስጥ ረግታ መቀመጥ አትችልም፤ ከሚመዝን ክብደቷ በላይ እየተጎተተች ነውና ወደ ጎን ትዞራለች። ማነጣጠሪያዋም አፈሙዟ ላይ ያለች ትንሽ ጉጥ ብቻ ናት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋዬ በየተኩሱ ተቃጠለ። ስድስት ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት ላይ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ ተበታትነው ወጡ። አሰልጣኟ ሳቅ ብለው «ይህች ለዓመታት የተኮሰ ሰው የሚይዛት ናት፤ ለጀማሪ እንደሚሸጧት ሁልጊዜ ይገርመኛል» አሉ።

ለሴት አምስት ወይም ስድስት ጎራሽ የሚመከርበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሴቶች ባለ ካርታውን፣ ማለትም ጥይቱ በእጀታው ውስጥ በሚገባ መያዣ የሚጎርሰውን ሽጉጥ ማቀባበል ያቅታቸዋል ይባላል። እኔም ሞክሬ የላይኛው ብረት አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። አሰልጣኟ ክርኔን ወደ ሰውነቴ አስጠግተው፣ ብረቱን በግራ መዳፌ ከላይ ጨብጬ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግሁ በቀኝ እጄ እጀታውን ወደ ፊት እንድገፋ አሳዩኝ። ወዲያው ተቀባበለ። አስቸግሮኝ የነበረው ብረቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ወደ ኋላ መሳቡ ነበር፤ ጉልበት አልጨመርኩም፤ የያዝኩበትን ቦታ ብቻ ቀየርኩ።

ከዚያ የጋሼን 45 አነሣሁ፤ እዚህ ላይ ለጋሼ ፍርድ መስጠት ይገባኛል። ያ ከባድ ብረት እንደ ፈራሁት አልተራገጠም፤ ቀስ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ገፋኝ። ቃታው አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ እጀታው ቀጭን ስለሆነ ትንሽ እጅ ይጨብጠዋል። ጆን ብራውኒንግ ይህንን ሽጉጥ የሠራ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ነበር። ነገር ግን ጥቂት ካርታ ከተኮስኩ በኋላ ክብደቱ ክንዴን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ በአንድ ካርታ የሚይዘውም ሰባት ወይም ስምንት ጥይት ነው። ለመዝናናት የሚተኩስ ሰው ቢወደው አልፈርድበትም። እኔም ወድጄዋለሁ፤ እጄ ግን አልወደደውም።

በመጨረሻ የመጣው ግሎክ 19 ነው። ከ1988 ጀምሮ ያለ፣ አሥራ አምስት ጥይት የሚይዝ፣ ውበት የሚባል ነገር ያልጎበኘው ጥቁር ፕላስቲክና ብረት። ስለ እርሱ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ መልካምነቱም ምናልባት ይኸው ነው። መዳፌ ሞላ፣ ጣቴ ቃታው ላይ በልኩ ደረሰ፣ ቀዳዳዎቹ ተሰባሰቡ። ተሰባሰቡ እንጂ መሃል ላይ አልነበሩም፤ ሁሉም ከመሃሉ በታችና ወደ ግራ ዝቅ ብለው ተከማችተው ነበር።

ባሩድ የሌለው ጥይት

የማነጣጠሪያው ችግር መስሎኝ ነበር። አሰልጣኟ ምንም አላሉም። ካርታውን ተቀብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሞሉና መለሱልኝ። «እንደ ቅድሙ ተኩሺ፤ ዓይንሽን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ እንዳታነሺ» ብቻ አሉኝ። የመጀመሪያው ተኮሰ። ሁለተኛውም ተኮሰ። ሦስተኛው ላይ ቃታውን ስስብ ቀጭን የብረት ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ተኩስ የለም። በዚያች ቅጽበት የሽጉጡ አፈሙዝ ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች ዘለቀ፤ የግራ ትከሻዬም አብሮ ወደ ፊት ሄደ። ጥይቱ ባሩድ የሌለው፣ ለመለማመጃ የተሠራ ብርቱካናማ ፕላስቲክ ነበር። ሽጉጡ ሳይተኩስ እጄ ተኩሷል።

ያንን አፈሙዝ ወደ ታች ሲዘልቅ በገዛ ዓይኔ ማየት እንዲህ ያደርገኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ድምፁ ሲመጣ አፈሙዙ ወደ ላይ ስለሚዘል፣ ከድምፁ በፊት ወደ ታች መውረዱን ማንም ተኳሽ ራሱ ማየት አይችልም፤ ፍንዳታው ይሸፍነዋል። ሰውነት የሚመጣውን ግፊት ቀድሞ ለመመከት ይነሣል፤ ቃታው ሳይለቅ እጅ ጥብቅ አድርጎ ይጨብጣል፣ አንጓ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ጥይቱም ወደ ወረደው ቦታ ይሄዳል። ፍርሃት ልበለው? ፈርቼ አልነበረም፤ ቢያንስ ልቤ አልፈራም። ልብ ሳይጠየቅ እጅ በራሱ የወሰነው ውሳኔ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ በተረጋጋ አዳራሽ፣ አሰልጣኝ አጠገብ ቆሞ እንዲህ የሚያደርግ እጅ፣ ሌሊት በር ሲሰበር ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አያስቸግርም።

አሰልጣኟ ይህንኑ ልምምድ በ45ቱም በአምስት ጎራሿም አስደገሙኝ። በትንሿ ላይ አፈሙዙ ከሁሉም ይበልጥ ወረደ፤ በ45ቱ መካከለኛ ሆነ፤ በ9 ሚሊው አነሰ። ከዚያ ባለ 22 ሽጉጥ ሰጡኝ። 22 በ1887 የወጣች፣ ርግጫዋ ከቁጥር የማይገባ ጥይት ናት። መጀመሪያ ላይ በእርሷም አፈሙዙ ይወርድ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ባዶው ጥይት ሲደርስ ሽጉጡ ባለበት ቀረ። ቀጭኗ ድምፅ ተሰማች፤ ማነጣጠሪያው ከኢላማው አልተነቃነቀም። አሰልጣኟ ትከሻዬን መታ አድርገው አለፉ።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ ስለ ሌላ ነገር እያወሩ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስሰማው የምትታየኝ ያች አፈሙዝ ናት። ይዤው የሄድኩት ጥያቄ «የትኛው ጥይት ይበልጥ ይጎዳል?» የሚል ነበር፤ ጋሼም የመለሱልኝ ይህንኑ ነው። ይዤ የተመለስኩት ጥያቄ «የትኛውን ጥይት እጄ እስኪረጋ ድረስ ደጋግሜ መተኮስ እችላለሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የኪስንም አቅም ይነካል። የ45 ጥይት ከ9 ሚሊው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያስከፍላል፤ 22 ደግሞ ከ9 ሚሊው ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ነው። በየወሩ ለልምምድ የሚወጣው ገንዘብ ያው ከሆነ፣ 45 የመረጠ ሰው ባነሰ ልምምድ ከብዶ የሚገፋ ሽጉጥ ይዞ ይቀራል። በኑሮዬ እንዲህ ያለ ስሌት ሳይሠራ ያለፈ ግዢ አላውቅም፤ ሽጉጥ ላይ ሲደረስ ለምን እንደምንረሳው አላውቅም።

የማያሚ ትምህርት

የጥይትን መጠን በተመለከተ ከሁሉ የሚያስተምረው የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ የኤፍ ቢ አይ ታሪክ ይመስለኛል። በሚያዝያ 1986፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ማያሚ አቅራቢያ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የቢሮው ሠራተኞች ተገደሉ፤ አምስት ቆሰሉ። ከወንጀለኞቹ አንዱን ገና በጅምሩ የመታው 9 ሚሊ ጥይት ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆሞ ነበር፤ ሰውየውም ተኩሱን ቀጠለ። ለደረሰው ጥፋት 9 ሚሊ ተወቀሰ። ቢሮው መጀመሪያ 10 ሚሊ የተባለውን ኃይለኛ ጥይት ሞከረ፤ ለብዙ ሠራተኞች እጅ ስለከበደ ኃይሉ ተቀነሰ፤ ከዚያ በ1990 አጠር ያለው 40 መጣ፤ በመላ አገሪቱ ያሉ የፖሊስ ቢሮዎችም ተከተሉት። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን ቢሮው በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊ ተመለሰ።

የተመለሰበትን ምክንያት ስመለከት የእኔን ያህል ተራ ነገር ነው። በመካከሉ የአረር አሠራር ተሻሽሎ ነበር። አፉ የተቦረቦረው አረር ሥጋ ሲያገኝ እንደ አበባ ተከፍቶ እንዲሰፋ፣ ሆኖም ከሚፈለገው ጥልቀት እንዳያንስ ተደርጎ መሠራት ጀመረ። ቢሮው ከማያሚ በኋላ ያወጣው መለኪያ ሥጋን ለመምሰል በተዘጋጀ ጄላቲን ውስጥ አረሩ ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር እንዲገባ ይጠይቃል፤ ዘመናዊው 9 ሚሊም ይህንን ያሟላል። 40 እና 45 ከእርሱ የሚበልጡበት ልዩነት ሲጠብ፣ የቀረው ጥያቄ ተኳሹ በፍጥነት ደጋግሞ መምታት ይችላል ወይ የሚለው ሆነ። በዚህ ደግሞ አብዛኛው ሰው በ9 ሚሊ ይሻላል። ሥራቸው ይህ የሆነ ሰዎች ይህን ያህል ዘመን ዞረው እዚህ ከደረሱ፣ እኔ ገና ከደጃፉ ዙሪያ ጥምጥም የምሄድበት ምክንያት አልታየኝም።

ለልምምድና ለመከላከያ አንድ ዓይነት ጥይት እንደማይገዛም የተረዳሁት በዚሁ መንገድ ነው። ለልምምድ የሚሆነው ዙሪያውን በመዳብ የተለበጠው ርካሹ ነው፤ ወረቀት ለመቅደድ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ይህ አረር ሳይከፈት ስለሚያልፍ ሰውን በስቶ ከጀርባው ያለውን ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ ለቤት የሚቀመጠው አፉ የተቦረቦረው ነው። ሆኖም እርሱም የሚያስተማምን አይደለም፤ የአሜሪካ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ ቀጭን የጂፕሰም ሰሌዳ ስለሆነ ኢላማውን የሳተ ጥይት፣ ከየትኛውም መጠን ቢሆን፣ ወደ ልጆች ክፍል ያልፋል። ስለ ጥይት ኃይል በሚነሣው ክርክር ውስጥ ይህች ነገር ስትጠቀስ የምሰማው ጥቂት ጊዜ ነው። 22 ለመከላከያ የማይመረጠው ደግሞ ከጉልበቱ ማነስ በተጨማሪ ባሩዱ የሚቀጣጠልበት አሠራር ከሌሎቹ ይልቅ መክሸፍ ስለሚያበዛ ነው፤ ለልምምድ ግን ወደር የለውም።

ግዢውና ከግዢው በኋላ

ግሎክ 19ኙን ገዛሁ፤ ለልምምድ የምትሆን አንድ 22ም ጨመርኩ። ከፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ መሙላትና የወንጀል ታሪክ ምርመራውን ማለፍ ያስፈልጋል። ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ አጥብቄ የማነሣው ነገር አለ፦ መግዛት ለማይችል ዘመድ ገንዘቡን ተቀብሎ በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው። ቅጹ ላይ ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ ብሎ መፈረም አለና፣ ይሉኝታ እዚያ ወረቀት ላይ እስር ቤትና ከአገር መባረር ሊያስከትል ይችላል።

ቴክሳስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ፣ ሕግ ያልከለከለው 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ እንዲይዝ ትፈቅዳለች። ይህ ሕግ ልምምድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ተደርጎ ሲወሰድ አያለሁ። መንግሥት ሥልጠና ያለመጠየቁ እጅን አያረጋጋም። እኔ ግን አብዛኛውን ልምምዴን የማደርገው ያለ ጥይት ነው፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ሽጉጡን ከፍቼ ደግሜ አይቼ፣ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው አነጣጥሬ ቃታውን እስባለሁ፤ ማነጣጠሪያው ካልተነቃነቀ ለዚያ ምሽት ይበቃኛል። ምንም ወጪ የለውም።

ሌላም ትንሽ ነገር። መለማመጃው አዳራሽ ውስጥ የሚተኮሰው አረርና ማቀጣጠያው እርሳስ ስላለበት ብናኙ እጅ ላይ ይቀራል። እንጀራ በእጁ የሚበላ ሰው ይህንን ከማንም በላይ ልብ ሊለው ይገባል፤ ከተኩስ መልስ ምሳ ላይ ከመቀመጥ በፊት በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እስከ ክርን መታጠብ፣ ሕፃን ከማቀፍ በፊትም ልብስ መቀየር ያስፈልጋል።

ከምርጫው ሁሉ የከበደኝ ማስቀመጫው ነበር። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። በቤታችን ሁለት ታዳጊ ልጆች አሉ፤ ባለቤቴም ካገር ቤት መርዶ ከመጣበት ወዲህ እንቅልፍ የሚያጣባቸው ሌሊቶች አሉ። ከሌባ ይልቅ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እነሱ ነው። በቴክሳስ ሕግ በአዋቂ ቸልተኝነት የተነሣ የጎረሰ መሣሪያ ከ17 ዓመት በታች ባለ ልጅ እጅ ከገባ ባለቤቱ ይከሰሳል፤ ሕጉ ባይኖርም እኔ የማደርገው ያው ነው። ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ፣ በጣት አሻራና በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ካዝና ገዛን። ቁጥሩን ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ ከባለቤቴ ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገርን፤ የተስማማነውንም እዚህ አልጽፈውም።

ሱቅ ውስጥ ሽጉጥ አናስቀምጥም። ይህንን ስወስን ብዙ ሰው ተቃውሞኛል፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሱቅ ዝርፊያ ሆኖ ሳለ እንዴት ብለው። በሱቁ መተላለፊያ ወተትና ዳቦ የሚገዙ ሰዎች ይቆማሉ፤ ባንኮኒው ጀርባ ደግሞ በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሉን፤ ባሩድ በሌለው ጥይት ተፈትነው አያውቁም። ገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ከ100 ዶላር በላይ እንዳይቆይ፣ የቀረው በየሰዓቱ ወደ ታችኛው ካዝና እንዲገባ፣ የሚጠይቅ ከመጣም ያለውን ሰጥተው እንዲሸኙት ነግረናቸዋል። በበሩ ላይ አዲስ ካሜራ አስገብተናል፤ የመኪና ማቆሚያው መብራትም ተቀይሯል።